የኋላው ፓራፋንጎ

ጋራዡ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። አለቃዋም፣ ቀለም ቀቢውም፣ በር ላይ ቆሞ መኪና የሚያስገባው ዘበኛም «ወይዘሮ ወረቀት» ነው የሚሏት። ወይዘሮ ስትባል ባለ ትዳር እንዳትመስላችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከአባቷ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ትኖራለች፣ ሥራዋም የተጋጨ መኪና ላሜራ ቀጥቅጦ ማቅናት ነው። ስሙን ያወጣላት አንድ ጥያቄ ነው። የተጋጨ መኪና በጋራዡ በር ብቅ ሲል፣ ባለመኪናው ገና እግሩን መሬት ሳያስነካ፣ መዶሻዋን እንደጨበጠች ትመጣና «ወረቀት አለው?» ትላለች።

ወረቀት ማለት የትራፊክ ፖሊስ ወረቀት ነው፤ አደጋው ተመርምሯል፣ መጠገን ይቻላል የሚል። ያ ወረቀት ሳይኖር በግጭት የተጎዳ ነገር ላይ መዶሻ ማሳረፍ ክልክል ነው። ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ሰው ገጭቶ ያመለጠ ሹፌር መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ላሜራ ቀጥቃጭ ነው። ብዙ ጋራዦች አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። እሷ ግን አንድ ጊዜ የአለቃዋን አማች ሳይቀር ከነመኪናው መልሳዋለች። የሙያ ፈቃዷ በራሷ ስም የወጣ ነው፤ አንዴ ከተነጠቀች የትኛውም ጋራዥ አይቀበላትም። ይህን ስለምታውቅ ቢስቁባት አብራቸው ትስቃለች እንጂ ጥያቄዋን አትተውም።

እጇ ደግሞ እጅ ነው። ከእሷ ዘንድ የወጣ በር ላይ ባለቤቱ መዳፉን እያንሸራተተ የተጎዳውን ቦታ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ «ምንም አይታወቅም እኮ!» ይላል። ይህች ቃል ከምርቃት በላይ ትጥማታለች። ከእጇም ይልቅ ዓይኗ ይበልጣል። ስርጉድ ታነባለች። የተጨራመተ ላሜራ አንዴ ዞር ብላ አይታ «ይኼ ቆሞ ሳለ ነው የተመታው»፣ «ይኼኛውማ ራሱ ሄዶ ነው የተላተመው» ስትል፣ ሲዋሽ የነበረ ሹፌር አንገቱን ይደፋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የኋላው መከራ ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

አባቷ ሃያ ሁለት ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። በጥቁር ከባድ ብስክሌት ሰፈር ለሰፈር እየዞረ፣ የሰው ግቢ እየገባ፣ ቁጥር እየመዘገበ ነው የኖረው። የቱ ውሻ እንደሚናከስ፣ የቷ ባልቴት ወሬ ጀምራ እንደማትለቅ በቃሉ ያውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ልጁን ከኋላ መጫኛው ላይ አስቀምጦ ትምህርት ቤት በር ድረስ ያደርሳታል፤ ዳገቱ ላይ «ምን በልተሽ ነው እንዲህ የከበድሽው?» እያለ ያሾፍባታል።

አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ፣ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ፒክአፕ መኪና ገጨው። ሦስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኛ። በአራተኛው ቀን ሲነቃ ጉልበቱ ተሰባብሯል፣ ወሬውም ያለ እሱ ተወርቶ አልቋል። ሹፌሩ በእግሩ ቆሞ የተናገረው ተጽፏል፤ ብስክሌተኛው ሰክሮ ነበር፣ ከጎን እየተንገዳገደ መጥቶ መኪናው ፊት ገባ ይላል። ልብሱ አልኮል አልኮል ይሸት ስለነበር የጻፈውም ፖሊስ አላመነታም። ፎቶ ያነሳ የለም፣ ብስክሌቱን አገላብጦ ያየም የለም። አባትየው ግን በዕድሜው መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። የሸተተው ለሚስቱ የእግር ቁስል ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ኪሱ የከተተው፣ ሲወድቅም የተሰበረው የቁስል አልኮል ነው። ይህን እየደጋገመ ተናገረ። ማን ይስማው? መሥሪያ ቤቱ በስካር ብሎ አሰናበተው። የፖሊሱን ሪፖርት እንዲፈርም ሲያመጡለት ግን እጁን ሰበሰበ።

«ውሸት ላይ አልፈርምም» አለ። የፊርማው ቦታ ባዶውን ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አቤቱታ መጻፍ ሥራው ሆነ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይመራዋል፣ ሌላው ነገ ና ይለዋል። እናትየው ታማሚ ነበረች፤ ሰለቻት። አንድ ቀን፣ ልጅቷ ጥግ ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች፣ «ተወው በቃ። ጠጥተህም ከሆነ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። ፒክአፑ የሰበረው ጉልበቱን ነው፤ ይቺ ይቅርታ ግን ሌላ ቦታ ነው የሰበረችው። እናትየው ከዓመት በኋላ ይህንኑ እንዳመነች አረፈች። ልጅቷም፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ የእናቷን ይቅርታ ወረሰች። አባቷን ትወዳለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ ሐኪም ቤት ታመላልሰዋለች። ጠጥቶ ነበር ወይስ አልጠጣም ብላ ግን ጠይቃው አታውቅም። የሚጠየቅ ነገር አልመሰላትም።

ብስክሌቱ ከቤቱ ጀርባ፣ ሦስት ደረጃ ወርዶ ባለች ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠ። ትንሽ ሳለች «እንዳትነኪው» ተብላ ነበር። የሚያፍርበት መሰላት። መጣልም ማየትም ያቃተው ነገር ነው ብላ አሰበች፣ ዕቃ ቤቷ ውስጥ በገባች ቁጥርም ፊቷን አዙራ ታልፈዋለች።

ዘንድሮ ጉልበቱ አብጦ አልጋ ላይ ዋለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እግሩን ካጠፈችና ከዘረጋች በኋላ «ጅማቱ እየደረቀ ነው። ፔዳል ቢመታ ነበር ደኅና የሚሆነው» አለች። ወይዘሮ ወረቀት ከክሊኒኩ ስትወጣ ልቧ ሞቅ ብሎት ነበር። ብስክሌቱን አድሳ፣ የኋላ ጎማውን ከመሬት የሚያነሳ መቆሚያ በይዳ፣ ግቢ ውስጥ በቦታው ሆኖ እንዲያሽከረክረው ልታደርግ ነው። ጉልበቱ ይፍታታል፤ ያ የተኮራመተ ነገርም ከቤታቸው ይወጣል። ስጦታ ነውና ምስጢር ይሁን አለች።

አባትየው ደረጃ መውረድ ስላቃተው ምስጢሩ አላስቸገራትም። አንድ ጠዋት ብስክሌቱን በጋራዡ መኪና ጭና ወሰደችው። ምናልባት በመስኮት አጮልቆ ቢያይ እንዳይደነግጥ ደግሞ፣ አሮጌ የአልጋ ብረት በዚያው ላስቲክ ጠቅልላ በቦታው አቆመች። ምን ያህል እንደተጠነቀቀች ተመልከቱ!

ጋራዡ ውስጥ ብስክሌቱን ከመኪናው ስታወርድ ሥራ ቆመ። ቀለም ቀቢው፣ ጺሙ ላይ አምስት ዓይነት ቀለም የማይጠፋው ሽማግሌ፣ ወገቡን ይዞ መጣና የእሷን ድምፅ አስመስሎ «ወረቀት አለው?» አለ። ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም አብዝታ የሳቀችው ራሷ ናት።

«አንተ ደግሞ፣ ብስክሌት እኮ ነው» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «የአባቴ ነው።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ የምሳ ሰዓቷን ሠዋችለት። ካቴናውን ናፍጣ ውስጥ ነክራ ዝገቱን አስለቀቀች። የጎማ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ወጠረች። የተሰነጣጠቀውን ኮርቻ ገፍፋ በመኪና ወንበር ቆዳ አለበሰችው። ደወሉን እንኳ ፈታትታ አጥባ «ቅጭል» እስኪል ድረስ አልተወችውም። የኋላውን ፓራፋንጎ ለመጨረሻ ያቆየችው ከባዱ እሱ ስለሆነ ነው።

ፓራፋንጎ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ ነው፤ ያኛው ክፉኛ ተጨራምቷል። ከኋላ ወደ ፊት ተገፍቶ መጫኛውን ጭምር አጣሞታል፤ ስርጉዱ ውስጥ፣ ከዝገቱ ሥር፣ ሰማያዊ ቀለም ተፍቆ ቀርቶበታል። የፊት ጎማው ግን ቀጥ እንዳለ ነው። አፏ እንደ ልማዱ አነበበ።

«ከኋላ ነው የመጣበት» አለች፣ ለሽማግሌው ይሁን ለራሷ ሳይለይ። «ሰማያዊ መኪና ነው። ፍሬንም አልያዘ።»

«ጨካኝ ነው» አለ ሽማግሌው ብሩሹን እያጠበ።

«ጨካኝ ነው» አለች እሷም፤ መዶሻዋንም አነሳች።

ከውስጥ ብረት ደግፋ ከላይ በቀስታ እየመታች አቃናችው። ሰማያዊውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገችው፤ ከዝገቱ ጋር ወለሉ ላይ ብናኝ ሆኖ ወረደ፣ ማታ ጋራዡ ሲጠረግ አብሮ ተጠረገ። የቀረውን ጎድጓዳ በስቱኮ ሞላች፣ አለሰለሰች፣ ሽማግሌውም ጥቁር ቀለም ሦስት ጊዜ ነፋለት። ሲደርቅ መዳፉን አንሸራተተበትና «ምንም አይታወቅም» አላት።

እሑድ ጠዋት አባቷን ደግፋ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ዓይንህን ጨፍን አለችው፤ እንደ ሕፃን እየሳቀ ጨፈነ። ብስክሌቱን እየገፋች አምጥታ ፊቱ አቆመችና ደወሉን መታችው።

ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ፊቱ በራ፤ ይህን እስከዛሬ ታስታውሳለች፣ ለአንድ አፍታ በርቶ ነበር። ከዚያ «የማነው?» አለ።

«ያንተ ነዋ አባዬ!»

ከወንበሩ ተነሣ። ያለ ደጋፊ ሲነሣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። እግሩን እየጎተተ ወደ ብስክሌቱ ኋላ ዞረ፣ አጎነበሰ፣ አውራ ጣቱን ፓራፋንጎው ላይ አሳርፎ ከላይ እስከ ታች ሄደበት። ተመልሶም ሄደበት።

«የት አለ?»

«ምኑ?»

«ስርጉዱ።»

«አቃናሁታ! እይ እስቲ፣ ምንም አይታወቅም።»

አባትየው ተመልሶ ተቀመጠ። መልኩ አመድ መስሏል። «ትራሴ ሥር ያለውን ላስቲክ አምጪልኝ» አለ። አመጣችለት። ከውስጡ አንድ ደብዳቤ አወጣና ሰጣት። የቆዩ የአደጋ ጉዳዮችን እንደገና የሚያይ አዲስ ጽሕፈት ቤት የላከው ነው። አቤቱታዎ ደርሶናል፣ ብስክሌቱ እንደተጋጨ ሳይነካ መቀመጡን ስለገለጹልን የሚመለከተው መርማሪ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ቤትዎ ድረስ መጥቶ ያየዋል ይላል። ወይዘሮ ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስነግርሽ የምታሳዪኝን ፊት ስለማውቀው ነዋ። የእናትሽን ፊት።»

ደብዳቤውን አጥፋ መለሰችለት። እሱ ግን አልጮኸባትም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። ቆጣሪ እንደሚያነብ ሰው ረጋ ብሎ ጠየቃት።

«ስትሠሪው ከኋላ መሆኑን አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«የፒክአፑን ሰማያዊስ?»

«አይቻለሁ።»

«አይተሽ ነው የመታሽው?»

መልሱ ነበራት፤ አፏን የያዛት እሱ ነው። የማንም ሰው መኪና ቢሆን «ሹፌሩ ዋሽቷል» ብላ አገር ታሰማ ነበር። የአባቷ ብስክሌት ላይ ግን ዓይኗ አነበበ እንጂ ልቧ አልሰማም። ጉዳዩ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ የቤት ሥራዋን በምትሠራበት ጥግ፣ ለእሷ ተዘግቷል። ወረቀት አለው ብላ ያልጠየቀችውም ብስክሌት ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሰካራም ብስክሌት ምን ይመረመራል?

«ሰክረህ ነበር ብዬ ነው ሳምን የኖርኩት» አለች በመጨረሻ። «ሁሌም።»

«አውቃለሁ» አለ አባቷ።

ሰኞ ከሥራ ስትመለስ ሰማያዊ ቀለም በቆርቆሮ ይዛ መጣች። አንድ በአንድ ታስታውሰዋለች፤ የት ጋ እንደታጠፈ፣ የት ጋ እንደተሰነጠቀ፣ ሰማያዊው ስንት ጣት እንደሚሰፋ። «መልሼ እንደነበረው ላደርገው እችላለሁ» አለችው አጠገቡ ተንበርክካ። «የዝገቱንም መላ አውቃለሁ። ማንም አይለየውም፣ እመነኝ አባዬ።»

እጇን ያዘ። መዶሻ ያጠነከረውን መዳፏን አገላብጦ አየው። «ለማን ብዬ ነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆየሁት? ውሸት ላይ ላለመፈረም አይደለም እንዴ?» አለ። «እውነት ቢሆንም በውሸት አላቀርበውም። ቆርቆሮሽን መልሺ።»

ረቡዕ ማታ እራት ስታቀርብ ውሳኔዋን ነገረችው። መርማሪው ሲመጣ ያየችውን ትናገራለች። ላሜራ የማነብ ባለሙያ ነኝ፣ ከኋላ ነበር የተመታው፣ ሰማያዊ ነበር፣ የጠገንሁትም እኔ ነኝ ትለዋለች።

«ፈቃድሽስ?» አላት።

«ይውሰዱት።»

«እሺ» አለ። የእሺታው አኳኋን አላማራትም።

መርማሪው ሐሙስ በሰዓቱ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ጫማውን ደጃፉ ላይ ጠርጎ ነው ግቢ የገባው። ብስክሌቱን ሲያይ ቆመ። ዞረው። ተንበርክኮ ፓራፋንጎውን በጥፍሩ መታ መታ አደረገ፣ የስቱኮውን ድፍን ድምፅ ሰማ፣ ተነሣ።

«አባት፣ ይኼ እኮ ተሠርቷል» አለ እያዘነ። «እንደተጋጨ ነው ብለው ጽፈውልን ነበር። የትኛው ጋራዥ ነው የሠራው? ያለ ፖሊስ ወረቀት የነካ ባለሙያ ካለ እሱንም መመዝገብ አለብኝ።»

ወይዘሮ ወረቀት በሩ ላይ ቆማለች። አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናችው ቃል አፏ ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ ያሠራሁት» አለ አባቷ። «በሰፈር ለሚዞር ብስክሌት ጠጋኝ ሰጥቼ። ስሙን አላውቀውም።»

«ማስረጃ መሆኑን እያወቁ?»

«እያወቅሁ።»

«ለምን?»

አባትየው ወደ ልጁ ዞሮ አየ። ረጅም ጊዜ አላያትም፤ ዳገት ላይ ከኋላው ተቀምጣ ሳለች ወድቃ እንዳይሆን ዞር ብሎ እንደሚያያት ያህል ነው። ከዚያ ወደ ወጣቱ ተመለሰ። «እንግዲህ እንደመሰለህ ጻፈው፣ ልጄ» አለ።

ወጣቱ ጻፈ። ሲጨርስ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ባለቤቱ ማስረጃ መሆኑን እያወቁ በገዛ ፈቃዳቸው አስጠግነውታል፣ ስለዚህ የቀድሞው ሪፖርት እንዳለ ይጸናል። አባትየው ፈረመ። ወጣቱ ይቅርታ እየጠየቀ ከፋይሉ ሥር አንድ ቢጫ የሆነ ወረቀት አወጣ። «እዚህችም ላይ ክፍት ቦታ ቀርታለች። ፋይሉ እንዲዘጋ» አለ። አባትየው መነጽሩን አስተካከለ። ሰክሮ ነበር የምትለዋን መስመር ጣቱን አስከትሎ እስከ መጨረሻው አነበባት፣ ከሥሯም ፈረመ።

ልጅቷስ? ልጅቷ ዝም አለች። ብዙ ሰበብ ልደረድርላት እችል ነበር፤ አባቷ በዓይኑ ከልክሏታል፣ ነገሩ ቶሎ አልፏል፣ ሁለቱም የሚኖሩት በእሷ መዶሻ ነው። ሁሉም እውነት ነው። ግን ፈርታ ነው ዝም ያለችው፣ ይህን ከእኔ በፊት ራሷ አውቃዋለች። ያቺ ባለመኪናን ሁሉ በር ላይ አስቁማ የምትጠይቅ ሴት፣ አባቷ በገዛ እጁ ሰካራም ሲሆን ቆማ አየች።

መርማሪው ከሄደ በኋላ የግቢውን በር ዘግታ ተመለሰች። እሷ ማልቀስ ጀምራ ነበር። አባቷ ከዘራውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ።

«በይ አሁን ደግፈሽ ብስክሌቱ ላይ አውጪኝ» አለ። «ይቺ ጉልበት ትንቀሳቀስ። ለዚህ አይደል የሠራሽው?»

ብስክሌቱን በይዳ በሠራችው መቆሚያ ላይ አቁማ፣ እሱን ኮርቻው ላይ አወጣችው። ፔዳሉን መምታት ጀመረ፤ መጀመሪያ በጭንቅ፣ ከዚያ ቀለል እያለው። ጎማው በአየር ላይ ይሾራል፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ እዚያው ነው። እንዳይወድቅ ከኋላ ያዘችው፤ እጇ ያረፈው ፓራፋንጎው ላይ ነው። ሳታስበው አውራ ጣቷ ቦታውን መፈለግ ጀመረ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ። ሥራዋ ጥሩ ነበር። ምንም አይታወቅም።